ቁጥር የሌለው አጣና፣ ባለቤት የሌለው ቀበቶ

በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ ፎቅ ቤት ሲሠራ ከሩቅ ቀድሞ የሚታየው ፖንቴው ነው። ቀጥ ብለው የቆሙ የባሕር ዛፍ ቋሚዎች፣ ከቋሚ ቋሚ በሚስማር የተመቱ አግዳሚዎች፣ በላያቸው የተጋደሙ ሁለት ወይም ሦስት ጣውላዎች። በዚህ እንጨት ላይ ግንበኛው፣ ለሳኙ፣ ቀለም ቀቢውና ሲሚንቶ የምታመላልሰው የቀን ሠራተኛ ቀኑን ሙሉ ሲወጡና ሲወርዱ ይውላሉ። አልፎ አልፎ፣ በተለይ ሥራው የባንክ ወይም የመንግሥት ሲሆን፣ ከውጭ የመጣ የደህንነት ቀበቶ የታጠቀ ሰው ይታያል። በዚህ ምዕራፍ የምከራከረው ስለ እነዚህ ሁለት ዕቃዎች፣ ስለ አጣናውና ስለ ቀበቶው ነው። እንከን የተገኘበትን ዕቃ አምራቹ ከገበያ የሚሰበስብበት ሥርዓት እኛ ዘንድ ለሁለቱም አይደርስም። ስለዚህ ከፍታ ላይ ለሚሠራ ሰው የቀረለት መከላከያ በቦታው የሚደረገው ፍተሻ ነው። ፍተሻ ስል ዐይን ጣል አድርጎ ማለፍን ማለቴ አይደለም። የሚፈትሸው ሰው በስም መታወቅ አለበት፤ የፈተሸበት ቀን መጻፍ አለበት፤ ያላማረውን ዕቃ ማንንም ሳያስፈቅድ የመጣል ሥልጣንም ሊኖረው ይገባል። ሦስተኛው ከሌለ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ወረቀት ናቸው።

ሥርዓቱ በሚሠራበት አገር ምን እንደሚመስል ተራራ ወጪዎች ካለፉባቸው ሁለት ጉዳዮች መረዳት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2011 ፔትዝል የተባለው የፈረንሳይ አምራች ስኮርፒዮ በሚል ስም የሚሸጣቸው ማያያዣዎች አንዳንዶቹ ዋናው ስፌት ሳይሰፋባቸው ከፋብሪካ ወጥተው እንደሚሆን ደረሰበትና ተመልሰው እንዲታዩ ጥሪ አደረገ። ይህ የፋብሪካ ጥፋት ነው፤ ዕቃው ሲወጣም ጎደሎ ነበር። የሚቀጥለው ዓመት ጉዳይ ይበልጥ ያሳስባል። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2012 በኦስትሪያ ቲሮል ግዛት፣ በገደል ላይ በተዘረጋ የብረት ገመድ መንገድ ሲወጣ የነበረ ሰው ወድቆ ሞተ። ከታጠቀው ቀበቶ ወደ ብረት ገመዱ የሚያያይዙት ሁለት ክንዶች ሁለቱም ተበጥሰዋል። ክንዶቹ እንደ ልብ እንዲለጠጡ ውስጣቸው ላስቲክ የገባባቸው ናቸው፤ በተሳቡና በተመለሱ ቁጥር ጨርቁ ከውስጥ እየተበላ ኃይሉን ያጣል። አዲስ ሳለ የወጣለትን ደረጃ አልፎ ነበር፤ ያደከመው አገልግሎቱ ነው። ከዚያ በኋላ በርካታ አምራቾች ተመሳሳይ ዕቃዎቻቸውን ከገበያ ሰበሰቡ። ልብ በሉ፣ የተበጠሰው ዕቃ የኪራይ ነበር። የራሱን ዕቃ በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ የሚያወጣ ሰው ዘንድ ያው ማያያዣ ለዓመታት ምንም ላይሆን ይችላል፤ በየቀኑ ከእጅ ወደ እጅ የሚሸጋገረው ግን ቶሎ ያልቃል። የግንባታ ቦታ ዕቃ ከሁለቱ የትኛውን እንደሚመስል ግልጽ ነው።

ከገበያ የመሰብሰብ ጥሪ ባዶ አየር ላይ አይቆምም። አደጋው የሚመዘገብበት ቦታ ይፈልጋል፤ በዕቃው ላይ የማይጠፋ መለያ ቁጥር ይፈልጋል፤ ያ ቁጥር ዛሬ ማን እጅ እንዳለ የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል። ይህ ነገር ለኢትዮጵያ እንግዳ ነው የሚል ካለ መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም.ን ያስታውስ። የበረራ ቁጥር 302 ከቦሌ ተነሥቶ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ሲከሰከስና 157 ሰው ሲያልቅ፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከተከሰከሰው ጋር አንድ ዓይነት የሆኑትን ቀሪዎቹን ማክስ አውሮፕላኖች ወዲያውኑ ከበረራ አወጣ። አሜሪካ እንኳ ይህን ያደረገችው መጋቢት 4 ቀን ነው። አየር መንገዱ ሊፈጥን የቻለው እያንዳንዱ አውሮፕላን ቁጥርና መዝገብ ስላለው፣ በዚያች ሰዓት የት እንደቆመም ስለሚታወቅ ነው። የዚያኑ ያህል ደግሞ ያ ታሪክ የጥሪን ድክመት ያሳያል። ከአምስት ወር ገደማ በፊት ኢንዶኔዥያ ውስጥ ያው ዓይነት አውሮፕላን 189 ሰው ይዞ ባሕር ገብቶ ነበር፤ አምራቹ ግን አውሮፕላኑን አላስቆመም። ቁጥሩም መዝገቡም ተሟልቶ ጥሪው ከዘገየ፣ ቁጥሩ በተፋቀ ዕቃ ላይ ምን ተስፋ ይደረጋል?

ቀበቶውን እንከተለው። በአውሮፓ ደረጃ የተሠራ ሙሉ የሰውነት ቀበቶ ኢኤን 361 የሚል ጽሑፍ፣ የአምራቹ ስም፣ የተሠራበት ዓመትና መለያ ቁጥር ያለበት ትንሽ የጨርቅ ምልክት ተሰፍቶበት ይመጣል። አስመጪው በካርቶን ያስገባዋል፣ መርካቶ ያለ ነጋዴ ያከፋፍለዋል፣ ከዚያ ወደ ወልቂጤ ወይም ወደ ቡታጅራ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ይወርዳል፤ ተቋራጩ ገዝቶ ለፎርማኑ ይሰጣል፤ ፎርማኑ ዛሬ ለአንዱ ነገ ለሌላው ያስታጥቃል። ደረሰኙ ላይ ያለው «የደህንነት ቀበቶ» የሚል ቃልና ዋጋ ብቻ ነው። አምራቹ ነገ አንድን የምርት ዙር ልሰብስብ ቢል ጥሪው ቢበዛ አስመጪው ዘንድ ደርሶ ይቆማል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1991 ያጸደቀችው የሥራ ደህንነትና ጤንነት ስምምነት ቁጥር 155 ለሥራ የሚውል መሣሪያ የሚያስገባና የሚያስተላልፍ ወገን ዕቃው አደጋ እንደማያመጣ የማረጋገጥ ኃላፊነት እንዲጣልበት ይጠይቃል። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ሱቁ ቁጥር ካልመዘገበ ግን ኃላፊነቱ መንገድ ላይ ይቀራል። ከጥቂት ወራት በኋላ ደግሞ ያች የጨርቅ ምልክት በሲሚንቶ ትሸፈናለች፣ በፀሐይ ትነጣለች፣ ወይም አንገት ትበላለች ተብላ ተቆርጣ ትጣላለች።

አጣናው ከቀበቶው ይብሳል፤ ከመነሻውም አምራች የለውም። ባሕር ዛፍ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከገባ ወዲህ የጉራጌን አገር ያህል የተቀበለው ቦታ ጥቂት ነው። በቸሃም በእዣም ከእንሰቱ ጓሮ ባሻገር የባሕር ዛፍ ቁራጭ መሬት የሌለው ቤት ማግኘት ይከብዳል፤ ልጅ ለማስተማርም፣ ለመስቀል በሬ ለመግዛትም የሚቆረጠው እሱ ነው። ግማሹ በመኪና ተጭኖ አዲስ አበባ ይገባል፣ ግማሹ እዚያው ከተሞቹ ውስጥ ፖንቴ ይሆናል። ከየትኛው ማሳ እንደመጣ፣ ስንት ክረምት እንዳደገ፣ ስንት ሕንፃ ላይ እንደቆመ የሚናገር ምልክት የለበትም። የእንጨቱ ጠባይ ደግሞ አስቸጋሪ ነው። ባሕር ዛፍ ሲያድግ በውስጡ የታመቀ ውጥረት ይይዛል፤ ሲቆረጥ ከጫፉ መሰንጠቅ የሚወደው በዚህ ምክንያት ነው። በእርጥቡ የተመታ አጣና ሲደርቅ ይሟሽሻል፤ ትናንት ጥርሱን ነክሶ የያዘ ሚስማር ከሳምንታት በኋላ ይላላል። ክረምት ሲገባ የቋሚው እግር የቆመበት አፈር ይለሰልሳል፣ እንጨቱም መሬት በሚገናኝበት ቦታ ምስጥና ብስባሴ ይጀምረዋል። ከላይ ያማረው ቋሚ ከታች በሚስማር ሲወጋ እንደ ሳሙና ሊገባ ይችላል።

እዚህ ላይ ልምድ ያለው አናጺ ተነሥቶ «እኛ እንጨት አናውቅም እንዴ?» ቢል እውነት አለው። ያውቃል። ፖንቴ የሚመታ ሰው አጣናውን አንሥቶ በዐይኑ ጫፍ እስከ ጫፍ ያያል፣ መሬት ላይ ጣል አድርጎ ድምፁን ይሰማል፣ አግዳሚውን መትቶ ሲያበቃ ራሱ ቆሞበት ይንጠዋል። ይህ ፍተሻ ነው፤ ማንም ከውጭ አላስተማረውም፣ ብዙ ሕይወትም አትርፏል። ችግሩ የሚፈተሸው ሲመታ ብቻ መሆኑ ነው። ፖንቴው ለሳምንታት ይቆማል፤ በመሐል ዝናብ ይመጣል፣ ለሳኙ ለሥራው አልመች ያለውን ደጋፊ ነቅሎ ሌላ ቦታ ይመታል፣ የብሎኬት ክምር በአንድ ጣውላ ላይ ይራገፋል። ሰኞ ያየው ዐይን ለዓርብ ዋስ አይሆንም። ሁለተኛው ችግር ዐይኑ ለእንጨት የሠለጠነ መሆኑ ነው። እንጨት ሲደክም ይጮኻል፣ ይጎብጣል፣ ይሰነጠቃል፤ ናይለንና ፖሊስተር ሲደክሙ ዝም ይላሉ።

ዝምታው ከምን እንደሚመጣ ማወቅ ይጠቅማል። የናይለን ክር በፀሐይ ጨረር ይደክማል፤ ሁለት ሺህ ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ባሉት በሁለቱ ከተሞች ደግሞ ጨረሩ ከቆላው ይበረታል። ከመኪና ባትሪ የፈሰሰ አሲድ የናይለንን ገመድ መልኩን ብዙም ሳይቀይር ጥንካሬውን ሊገድለው ይችላል፤ ቀበቶና ገመድ ከባትሪ አጠገብ በአንድ ሣጥን ተጭነው መሄዳቸው እኛ ዘንድ ብርቅ አይደለም። ፖሊስተር በተቃራኒው አሲድን ይቋቋማል፣ ከጠንካራ አልካሊ ጋር ግን አይስማማም፤ የተቦካ ሲሚንቶ ደግሞ ጠንካራ አልካሊ ነው። በዚህ ላይ በጨርቁ ውስጥ የገባ የሲሚንቶና የአሸዋ ቅንጣት ክሩን ከውስጥ ይሞርደዋል። ስለዚህ ቀበቶ የሚፈተሸው ተሰቅሎ በማየት አይደለም። ጨርቁ በሁለት እጅ ተይዞ አንድ ስንዝር አንድ ስንዝር ያህል ወደ ታች እየታጠፈ፣ እጥፋቱ ላይ ክሩ ሲከፈት ይታያል፤ የተቆረጠ፣ የተቃጠለ፣ እንደ ካርቶን የደረቀ ቦታ የሚገኘው ያኔ ነው። ስፌቱ ብዙ ጊዜ ከጨርቁ በተለየ ቀለም ይሰፋል፤ ይህ የተደረገው አንዲት ክር ብትበጠስ ወዲያው እንድትለይ ነው። ጀርባ ላይ ያለው የብረት ቀለበት፣ ዘለበቶቹ፣ በመውደቅ ጊዜ እንዲተረተር ታጥፎ የተሰፋው ክፍል አንድ በአንድ ይዳሰሳሉ። የአውሮፓ ደረጃ ይህን ቢያንስ በየ12 ወሩ በሠለጠነ ሰው ማድረግን ይጠይቃል፤ ብዙ አምራቾችም የጨርቅ ዕቃቸው ምንም ባይሆን እንኳ ከ10 ዓመት በላይ እንዳይቆይ ይጽፋሉ። በየቀኑ ሰው ለሚለዋወጥበትና ሲሚንቶ ለሚነካው ቀበቶ ዓመት መጠበቅ ረጅም ነው፤ በእኔ ግምት ወር እንኳ ይበዛበታል።

ከዚህ የሚከተል፣ ብዙ የማይነገር ነገር አለ። ለወልቂጤና ለቡታጅራ ሕንፃዎች ቀበቶው ራሱ በአብዛኛው ሁለተኛ መከላከያ ነው። ስሌቱ ይህ ነው፦ 2 ሜትር ማያያዣ ያለው ሰው ከእግሩ ሥር ባለ ነገር ላይ ታስሮ ቢወድቅ መጀመሪያ በነፃ ይወርዳል፤ ከዚያ ምቱን የሚያለዝበው ክፍል እስከ 1.75 ሜትር ድረስ ሊተረተር ይችላል፤ የሰውየው ቁመትና ትንሽ መጠባበቂያ ሲታከሉ ከማሰሪያው በታች ወደ 6 ሜትር የሚጠጋ ባዶ ቦታ ያስፈልጋል። አንደኛ ፎቅ ላይ የሚለስን ሰው ይህ ቦታ የለውም። ቀበቶው ሥራውን ከመጨረሱ በፊት መሬት ይደርሳል። ማሰሪያው ከራስ በላይ ከሆነ ነገሩ ይሻላል፤ ግን ከራስ በላይ ያለው ምንድን ነው? ያው አጣና። የሚወድቀውን ሰው ሊይዝ የታሰበው እንጨት አብሮት ሊወድቅ የሚችለው እንጨት ነው። ወገብ ብቻ የሚይዘው የድሮው ቀበቶ ደግሞ ከዚህም ይብሳል፤ የመውደቁን ምት በሙሉ ሆድና አከርካሪ ላይ ስለሚጥል አሜሪካ ከእ.ኤ.አ. 1998 መጀመሪያ ጀምሮ መውደቅን ለመግታት እንዳይውል ከልክላዋለች፤ እኛ ዘንድ ግን «ቀበቶ አለን» ለማለት ዛሬም ይበቃል። እንግዲህ በሁለትና በሦስት ፎቅ ሕንፃ ላይ የመጀመሪያው ፍተሻ ፖንቴው ላይ መሆን አለበት፤ ከሁሉ በፊት ደግሞ ጣውላው ዳር ላይ መደገፊያ አግዳሚ ተመትቷል ወይስ አልተመታም የሚለው። አንድ አጣናና አራት ሚስማር ከብዙ ቀበቶ ይበልጣል።

«ይህ ሁሉ የሀብታም አገር ወግ ነው» የሚለውን ተቃውሞ በቀላሉ ማለፍ አይገባም። ተቋራጩ በጠባብ ትርፍ ይሠራል፣ የቀን ሠራተኛው የዛሬን ይበላል፣ አጣናም ቀበቶም በየጊዜው ይወደዳሉ። ነገር ግን ከዘረዘርኩት ውስጥ ገንዘብ የሚጠይቀው የትኛው ነው? ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ አንድ ጣሳ ቀለም። ሥርዓቱን ደግሞ ሁሉም ሰው ከሰፈሩ ያውቀዋል። የዕድር ንብረት ያዥ ድንኳኑን፣ አግዳሚ ወንበሩን፣ ብረት ድስቱን በቀለም ምልክት አድርጎ፣ ማን እንደወሰደ ጽፎ ያወጣል፤ ሲመለስ ይቆጥራል፣ ጎድሎ ወይም ተጎድቶ ከመጣ ያስከፍላል። በአንድ ሰሃን ላይ ይህን ያህል የሚጠነቀቅ ማኅበረሰብ ሰው በሚንጠለጠልበት ገመድ ላይ «አቅም የለንም» ሲል አሳማኝ አይሆንም። የጎደለው ንብረት ያዡ ነው። በግንባታው ቦታ ቀበቶው የማንም አይደለም፤ ማለዳ ከክምር ይነሣል፣ ማታ ወደ ክምር ይወረወራል። አንድ ቀበቶ ላይ 1 ወይም 2 ተብሎ ቁጥር ቢጻፍበትና ደብተር ላይ የአንድ ሰው ስም ቢያዝበት የአምራቹ ቁጥር ቢጠፋም የቦታው ቁጥር ይተካዋል። ያ ዓይነት ቀበቶ በሌላ ከተማ ተበጥሶ ሰው ጎዳ የሚል ወሬ ከመጣ የትኛውን ማንሣት እንዳለበት የሚያውቅ ሰው ይኖራል።

ሌላው ተቃውሞ ይህ የመንግሥት ሥራ ነው የሚል ነው። የሕጉን ድርሻ አልክድም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው የአደጋ መከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብ፣ አጠቃቀሙን እንዲያስተምርና የደረሰ አደጋን መዝግቦ እንዲያሳውቅ ያዛል። አንቀጽ 93 ሠራተኛው በሚጠቀምበት መሣሪያ ላይ ያየውን ጉድለት ወዲያውኑ ለአሠሪው እንዲያሳውቅ ይላል። አንቀጽ 96 አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል፤ «ዕድሉ ነው» የሚለው መልስ በሕግ ፊት አያስኬድም ማለት ነው። እንግዲህ ሕግ ሞልቷል። ነገር ግን የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ በየጠዋቱ እያንዳንዱ ፖንቴ ሥር ሊቆም አይችልም፤ ብዙ መኪናና ብዙ ባለሙያ ቢሰጠውም አይችልም፤ የአጣናው ጤና ደግሞ በአንድ ሌሊት ዝናብ ይለወጣል። ተቆጣጣሪው ሊያደርገው የሚችለውና የሚገባው ሲመጣ ደብተሩን አምጡ ማለት ነው። ደብተሩ ውስጥ «ሁሉም ደህና» የሚል ብቻ ካለ፣ በወራት ውስጥ አንድም የተጣለ አጣና ካልተመዘገበ፣ መዝገቡ ውሸት መሆኑን ያውቃል። የባሕር ዛፍ ፖንቴ ያለ ጉድለት አንድ ክረምት አይወጣም።

«ስንት ዓመት ሠርተንበታል፣ ምንም አልሆንንም» የሚለው ደግሞ ከሁሉ የበለጠ የሚሰማ፣ ከሁሉ ያነሰ የሚመዝን ክርክር ነው። ይህን ሊናገር የሚችለው ያልወደቀው ብቻ ነው። የወደቀው ብዙ ጊዜ የቀን ሠራተኛ ነው፤ ወደ ገጠር ቤቱ ይመለሳል፣ ስሙ በማንም መዝገብ አይገባም፣ የተሰበረውም አጣና በማግሥቱ ምድጃ ገብቷል። አደጋው ካልተጻፈ ዕቃው ይሁን አጠቃቀሙ፣ ሚስማሩ ይሁን አፈሩ፣ የሚታወቅበት መንገድ የለም። የቲሮሉን ላስቲክ ያጋለጠው የተበጠሰው ክንድ ተጠብቆ መመርመሩ ነው። እኛ ማስረጃውን እናነደዋለን።

ስለ ማንደድ ካነሣን አይቀር፣ የመጣልን ነገር በቅጡ ማየት ያስፈልጋል፤ አብዛኛው ፍተሻ የሚከሽፈው እዚህ ላይ ነው። ዕቃ እኛ አገር አይጣልም። የተሰነጠቀ ቋሚ «ለአግዳሚ ይሆናል» ተብሎ ይቀመጣል፣ በሚቀጥለው ወር ቸኩሎ የመጣ ሰው ቋሚ ያደርገዋል። የተበላ ቀበቶ ጭነት ማሰሪያ ይሆናል፣ ከዚያ ውኃ ጉድጓድ የሚቆፍር ሰው ይወርድበታል። ስለዚህ መጣል ማለት ማጥፋት መሆን አለበት፦ አጣናው ለምድጃ በሚሆን ልክ ወዲያው በመጋዝ ይቆረጣል፣ ቀበቶው ጨርቁ በሦስትና በአራት ቦታ በቢላዋ ይበጠሳል። ይህ ሲደረግ ያየ ባለንብረት ይቆጣል፤ ቁጣውም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ገንዘቡ ነው። በትልልቅ ሥራዎች ቢል ኦፍ ኳንቲቲ የሚባለው ሰነድ የፖንቴን ወጪ ብዙውን ጊዜ በግንቡና በልስኑ ዋጋ ውስጥ አካቶ ያልፈዋል፤ ተቋራጩ አንድን አጣና ባቆየ ቁጥር ያተርፋል፣ በጣለ ቁጥር ይከስራል። ፖንቴ የራሱ መስመርና የራሱ ዋጋ ቢኖረው፣ በዚያ ውስጥም ለሚተካ እንጨትና ለሚበጠስ ቀበቶ የተያዘ ገንዘብ ቢኖር፣ ፎርማኑ መጋዙን ሲያነሣ ከአለቃው ኪስ የሚወስድ አይመስለውም። ባለቤቱ እንጨቱን ራሱ ገዝቶ ግንበኛውን በእጅ ዋጋ ብቻ በሚያሠራባቸው ትንንሽ ቤቶች ነገሩ ይከብዳል። እዚያ የሚጥለው አንዱ፣ የሚወድቀው ሌላው ነው፤ ሥራው ሲያልቅ አጣናውን ለአጥር ሊያውለው ወይም መልሶ ሊሸጠው ያሰበ ባለቤት አንዲቱም እንድትቆረጥ አይወድም። ስለ እጅ ዋጋው ሲነጋገሩ ከሚገዛው አጣና ምን ያህሉ ለማገዶ እንደሚሄድ አብረው ቢተምኑ፣ ግንበኛው በየማለዳው መጋዝ ለማንሣት ፈቃድ አይለምንም።